የጋሽ ማርቆስ ውሾች

ባለፈው ቅዳሜ ሚዛን ገበያ ስወርድ ከአንዱ ሥጋ ቤት ጓሮ ሽታ መጣብኝና እግሬ ቀጥ አለ። ጎደሬ የገባበት የአጥንት ቅቅል ነው። ቅመም የለው፣ ጨው የለው፣ ሽንኩርት የለው፤ ለሰው የሚሠራ ምግብ እንዳልሆነ አፍንጫዬ ወዲያው ነገረኝ። አብራኝ የነበረችው ጎረቤቴ ሜሮን፣ ባንክ ቤት የምትሠራው ልጅ፣ «እትዬ የሺ፣ አመመዎት እንዴ?» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ምን አመመኝ! በሐሳቤ ቴፒ ሄጄ ነው እንጂ። እሷም ያን ሰሞን የራሷ ጭንቀት ነበረባት። ሁለት ወር እንኳ በቅጡ ያልሞላው ቡችላ አምጥታ ስልኳ ላይ ያየችውን ሁሉ ካልገዛሁለት ትላለች፤ ከአዲስ አበባ የሚላክ የከረጢት ምግብ፣ የውሻ ሻምፑ፣ የውሻ ፍራሽ፣ ቫይታሚን። «አልቻልኩም እትዬ፤ ከምበድለው ለሚችል ሰው ልስጠው» ስትለኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ኧረ የኔ ልጅ! በዚህ በጎደሬና በሙዝ አገር ውሻ ለማሳደግ ባለጸጋ መሆን ያስፈልጋል? ልስቅባት አልኩና አፌን ያዝኩ። በእሷ ዕድሜ እኔም ከእሷ የባስኩ ሞኝ ነበርኩ።

ያን ጊዜ ቴፒ ነበርን። ዘመኑን አትጠይቁኝ፤ መንግሥት ሲለዋወጥ እኔ የቡና እርሻው መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ ፋይል እሰፋ ነበር። የማልረሳው ሌላውን ነው። ዶሮ በብር ከሃምሳ፣ አንድ ዘለላ ሙዝ በስሙኒ፤ እሱንም የሚገዛ ከተገኘ። አዲስ አበባ የሰለቸው ሰፊ ሱሪ እኛ ጋ እንደ አዲስ ሲደርስ ጎረምሶቹ የመንገዱን ጭቃ በሱሪያቸው ጫፍ እየጠረጉ ይሄዱ ነበር። እኔ ደግሞ አረንጓዴ ናይለን ቀሚስ ነበረኝ። በቴፒ ሙቀት ናይለን መልበስ ማለት በቁም መቀቀል ነው፣ ግን ማን ያወልቀዋል! አውሮፕላን ሜዳው መታጠፊያ ላይ፣ ሾላው ሥር፣ ልብስ ሰፊው መኪናውን ተክሎ ሬዲዮኑን ቅርንጫፍ ላይ ያንጠለጥላል። የሚወደው ዘፈን ሲመጣ መርገጫውን በዘፈኑ ምት ስለሚረግጠው የቀሚሳችን ስፌት አንዱ ጋ ጥብቅ፣ አንዱ ጋ ልል ይሆን ነበር። ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ሌላ ሰፊ ጋ የሄደ ሰው አላስታውስም።

ቤታችን ከሠራተኛው ሰፈር ጥግ፣ ከቡና ማስጫው አጠገብ ነበር። ባለቤቴ ደምሴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የእርሻው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ሁለታችንም ከጎጃም ነው የመጣነው። አጥር የምንጋራው ከጋሽ ማርቆስ ጋር ነው። ጋሽ ማርቆስ የሸኮ ተወላጅ፣ የጸሎት ቤት ሰው፣ የቡና ማስጫው ጥበቃ ነበር። የቡናው እሸት ማስጫ አልጋው ላይ ሲሰጣ ጦጣና ዝንጀሮ እንዳያነሳው የሚጠብቀው በሦስት ውሾቹ ነው። ደመወዙ የእኔን ግማሽ አይሞላም፤ ውሾቹን ግን ብታዩ! ጸጉራቸው ቅቤ የተቀባ ይመስላል፣ ዓይናቸው ጥርት ያለ ነው፣ ያለ ነገር አይጮሁም። ሁለቱ ወጣቶች ናቸው። ሦስተኛው ዳማ የሚባል ሽማግሌ ነው፤ አንድ ጆሮውን ዝንጀሮ ቀዶታል። ጋሽ ማርቆስ ዳማን ያሳደገው ሚስቱን አስቴርን ከማግባቱ በፊት ስለነበር አስቴር «እኔ እኮ በዳማ ላይ ነው የተዳርኩት» እያለች ታስቀን ነበር።

እኔስ? እኔማ መከታን አሳደግኩ። ልጄ ትዕግስት አራት ዓመቷ ሲሆን አባቷ ከጅማ ቡችላ አምጥቶላት መከታ አልነው። እኔ ደግሞ ደመወዝ ያለኝ ሴት ነኝ፣ ውሻዬ ከሰው ውሻ ሊያንስ ነው? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት የዚያን ጊዜ እኔ ነኝ። የናስ ቃጭል ያለው የቆዳ ማሰሪያ ከጅማ አስመጣሁ። የሕፃን የቆርቆሮ ወተት ገዛሁለት፤ ሆዱን አጠፋውና ቤቱ ሁሉ ተቅማጥ ሆነ። በየሳምንቱ ሽቶ ባለው ሳሙና አጠብኩት፤ ቆዳው ደርቆ ሲያክ ይውል ጀመር። መሥሪያ ቤት ያሉት ደግሞ «ኃይለኛ እንዲሆን በርበሬ አብሊው» አሉኝና ፍርፋሪውን በድልህ እየለወስኩ ሰጠሁት። ኃይለኛ ቀርቶ ውኃ ጣሳው አጠገብ ተኝቶ የሚያለከልክ ፍጡር ሆነ። በዚህ ላይ ሁዳዴ ገባ። እኔ ቤት በሁዳዴ ሥጋ ቀርቶ የቅቤ ሽታ አይገባም፤ ስለዚህ መከታም እንደ እኛው ሽሮ በእንጀራ ነው። በአራተኛው ሳምንት የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠር ነበር፤ የሚያብለጨልጨው ቃጭሉ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጋሽ ማርቆስ አጥሩን ተደግፎ መከታን ሲያየው ቆየና፣ «እህት የሺ፣ መከታም ይጾማል እንዴ?» አለኝ።

አፈርኩ፤ ሳፍር ደግሞ ቁጣ ይቀድመኛል። «ታዲያ ምን ላድርግ? በጾም ድስቴ አጥንት ልጣድ?»

«አንቺ ኃጢአት አለሽ፣ ትጾሚያለሽ» አለኝ ዝግ ብሎ። «መከታ ምን ኃጢአት አለው?»

ወይ ጉድ! እሱ መልስም አልጠበቀ፤ ከጓሮው አፉ የተቆረጠ የዘይት ቆርቆሮ አመጣና በእሱ በኩል፣ አጥሩ ሥር፣ ሦስት ጉልቻ ላይ ጣደው። «ድስትሽን አልነካም። ጾምሽንም አልነካም። ጎደሬ ብቻ አቀብይኝ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ገባሁ ማለት ይቻላል። ጎደሬው በደንብ ይብሰል፤ ጥሬው አፍ ይበላል። አጥንቱን ሥጋ ቤቱ ዝም ብሎ ነው የሚሰጠው፤ ሳምባና ጉበት ሲገኝ ተቀቅሎ እንጂ ጥሬውን አይሰጥ፣ ትሉ ከውሻ ሆድ ወደ ልጅ ይሄዳል። የዶሮ አጥንት ይቀበር፣ ተሰንጥሮ ጉሮሮ ይወጋል። ጨው፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ የለም። የሚተኛበት የደረቀ የሙዝ ቅጠል ነው፤ በሳምንቱ ቅጠሉ ከነቁንጫው ይቃጠልና ሌላ ይነጠፋል። መዥገሩን በጣት ለቅሞ ላምባ ያለበት ጣሳ ውስጥ መጨመር። ውኃው ጠዋትና ማታ ይለወጥ። ሲከሳና ሲወፍር እንዴት እንደማውቅ ስጠይቀው እጄን ይዞ የዳማ ጎን ላይ አስቀመጠውና፣ «ጎድኑን በእጅሽ ቁጠሪ፣ በዓይንሽ አትቁጠሪ። በዓይንሽ ከቆጠርሽው ተርቧል። በእጅሽም ካጣሽው ጠግቦ ሰንፏል» አለኝ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሐኪም ከዚህ የተሻለ ሲናገር እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

አንድ ነገር ላይ ግን ጋሽ ማርቆስ ቆጥቡ አይልም። «ገንዘብሽን ለሁለት ነገር አስቀምጪ» ይለኝ ነበር፤ «ለትሉ ክኒንና ለእብድ ውሻ በሽታ መርፌ። ሌላውን ጫካው ይሰጣል። እነዚህን ጫካ አያበቅልም።» እኔ ምግቡን ሰምቼ መርፌውን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ፋሲካ ሲደርስ መከታ ጸጉሩ አብርቶ፣ ደረቱ ሰፍቶ፣ ትዕግስትን እየተከተለ ግቢውን ይዞር ጀመር፤ እሷም አንገቱን አቅፋ ነው የምትውለው። እንዲህ ያማረበት ውሻ መርፌ ምን ያደርግለታል? ደግሞ መሥሪያ ቤት የሚወራውን ሰምቻለሁ፤ የተከተበ ውሻ ይፈዛል፣ መጮህ ያቆማል ይላሉ። በርበሬውን ያስበሉኝ ሰዎች መሆናቸውን ረስቼ አመንኳቸው።

ይኼን ሁሉ ለሜሮን የምነግራት እዚያው ሥጋ ቤቱ ጓሮ በር ላይ ቆመን ነው። ዛሬማ አጥንትም በሚዛን ተመዝኖ ይሸጣል፤ ሥጋ ቤቱን ስጠይቀው የነገረኝን ዋጋ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ በዚያ ዘመን በዚያ ብር በሬውን ከነቀንዱ እነዳ ነበር። ባለፈው ዓመት ቴፒ ወርጄ አውሮፕላን ሜዳው መታጠፊያ ሄጄ ነበር። ሾላው የለም፤ የስልክ ጥገና ቤቶች ተደርድረዋል፣ ከእያንዳንዱ ሱቅ ሌላ ሌላ ዘፈን ይጮኻል። ናይለኑንም የሚለብስ የለም፣ ተመስገን ነው። ጎደሬው ግን ያው ጎደሬ ነው፣ የሙዝ ቅጠሉም ያው ነው፣ ውሻም ያው ውሻ ነው። ሜሮን ስልኳ ላይ ስትጽፍ ቆየችና «ታዲያ ከሁሉ መጀመሪያ የቱን ላድርግ?» አለችኝ። «መርፌውን» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። እንግዲህ ለእሷ እዚያ መንገድ ላይ መጨረስ ያቃተኝን ለእናንተ ልጨርስላችሁ።

ክረምቱ ሲገባ የእንስሳት ጤና ሰዎች ከሚዛን በመኪና መጡና ቴፒ ገበያ ሜዳ ላይ ውሻ ይከተባል ተባለ። በማለዳ ጋሽ ማርቆስ ሦስቱን ውሾች በገመድ ይዞ አጥሬ ላይ ቆመ። «እህት የሺ፣ ነይ እንሂድ።»

«እኔ ሥራ አለኝ። ደግሞ መከታ ምን ሆነና?»

«ከሆነ በኋላማ መርፌው አይሠራም» አለኝ። «እሺ፣ እኔ ልውሰደው?» ብሎም ጠየቀኝ።

«ከፈለግክ ውሰደው» አልኩና ናይለኔን አስተካክዬ ወደ ቢሮዬ ሄድኩ። ከፈለግክ ውሰደው! አሁን ሳስበው አፌን በያዝኩት እላለሁ። ያን ቀን ዝናቡ ሰማይ ተቀደደ እንዴ የሚያሰኝ ነበር። ወደ ማታ ጋሽ ማርቆስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ፤ መከታን ፈታልኝና ማኅተም ያለበት ብጣሽ ወረቀት በአጥሩ ላይ አቀበለኝ። «አስቀምጪው፣ እንዳይጠፋ» አለ። ወረቀቱን ከቀን መቁጠሪያው ኋላ ሰካሁት። ስንት ሰዓት ቆመህ ዋልክ፣ ምን በላህ፣ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ቀን በኋላ ዳማ ታሰረ። ነገሩ ገረመኝ፤ ጋሽ ማርቆስ ውሻ ማሰር አይወድም። ሁለቱን ወጣቶች ይዞ ማስጫው ይውላል፤ ዳማ ግን ከማስጫው መጋዘን ኋላ፣ ከአጥራችን አጠገብ፣ ጥላ ሥር በገመድ ይውላል። ውኃው ይለወጥለታል፣ ቅጠሉ ይነጠፍለታል፣ ቀን ቀን አስቴር ይዛው ዞር ዞር ታደርገዋለች። «ምነው ጋሽ ማርቆስ፣ ስላረጀ ጠላኸው እንዴ?» ብዬ ነገር ጣል ባደርግበት፣ «ይረፍ ብዬ ነው» አለኝ። እኔም ከአስቴር ጋር ስንገናኝ ይኼን ነገር አንስቼ አምቼዋለሁ፤ እሷ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ያ ዝምታ ምን እንደነበር ያን ጊዜ አልገባኝም።

በጥቅምት፣ እሸቱ በብዛት በሚሰጣበት ወቅት፣ እኩለ ቀን ላይ ምሳ ልበላ ቤት መጥቼ ነበር። ትዕግስት ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፣ መከታ አጠገቧ ተኝቷል። ከውጭ ጩኸት ሰማሁ፤ «ያዘው! እብድ ነው! እብድ ነው!» የማን እንደሆነ የማይታወቅ ግራጫ ውሻ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ በአጥሩ ክፍተት ገባና ቀጥ ብሎ ወደ ደጃፉ መጣ። እግሬ አልነቃነቅ አለኝ። መከታ ተነሥቶ ተያያዘው፤ ግን ገና ልምድ የለውም፣ እብዱ ውሻ አንዴ ነክሶ ጣለው። ያኔ ነው ከመጋዘኑ ኋላ ገመድ ሲበጠስ የሰማሁት። ዳማ፣ ያ ሽማግሌ፣ አጥሩን እንዴት እንደዘለለው አላውቅም፤ በልጄና በዚያ ውሻ መካከል ገብቶ ማንቁርቱን ያዘው፤ ቢነከስም አልለቀቀውም። የእርሻው ሠራተኞች በዱላ ደረሱና እብዱን ውሻ ገደሉት። ትዕግስትን አንስቼ ገላዋን ሁሉ አገላብጬ አየሁ፤ ጭረት አልነበረባትም።

በማግስቱ ጠዋት የእንስሳት ጤና ሰው መጣ፤ ጭምት ወጣት ነበር። በመጀመሪያ ልጄን በዓይኑ ደህና አድርጎ አየ። ከዚያ የተነከሱት ሁለቱ ውሾች መሆናቸውን አረጋገጠና ሕጉን ነገረን፤ የተከተበ ውሻ እንደገና ይወጋል፣ ታስሮ ለሳምንታት ይጠበቃል። ያልተከተበ ከሆነ በሽታው እስኪወጣ አይጠበቅም፣ ይገደላል። ወረቀት ጠየቀን። ከቀን መቁጠሪያው ኋላ ያለውን አምጥቼ ሰጠሁት፤ የእኔ ስም፣ የመከታ ስም፣ ማኅተሙ ሁሉ አለበት፤ መከታ እንደገና ተወግቶ ታሰረ። ጋሽ ማርቆስ ደግሞ ሁለት ወረቀት አወጣ። የሁለቱ ወጣቶች ናቸው።

«የዚህኛውስ?» አለ ሰውየው ወደ ዳማ እያመለከተ።

«የዚህኛው የለም» አለ ጋሽ ማርቆስ። «አልተወጋም።»

«ሁለቱን ሲያስከትቡ ይኼን እንዴት ተዉት?»

«መድኃኒቱ አለቀ።»

እኔ አሁንም አልገባኝም ነበር። አስቴር ናት ያልቻለችው። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ «ንገራታ!» አለችው። መልሱን ሳትጠብቅ ወደ እኔ ዞረች። «አራት ውሻ ይዞ ተሰልፎ ዋለ። ተራው ሲደርስ ሦስት መርፌ ነው የቀረው። ሰዎቹ ‹የቀረውን በሌላ ጊዜ ስንመጣ› አሉት፣ እስከ ዛሬ አልመጡም። ሁለቱ ማስጫው ላይ ከዝንጀሮ ጋር ይዋጋሉ፣ ሳይወጉ መዋል አይችሉም አለ። መከታን ደግሞ ልጅ አቅፋው ነው የምትውለው አለ። ዳማን እኔ አስሬ እጠብቀዋለሁ ብሎ መጣ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ችላ ያልኩት መርፌ፣ «ከፈለግክ ውሰደው» ያልኩበት አፌ፣ ስላረጀ ጠላኸው ብዬ የተናገርኩት ነገር፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። «ሌላ መንገድ የለም ወይ? አብረን እናስረው፣ እኔ እጠብቀዋለሁ» ብዬ ሰውየውን ለመንኩት። እሱም ልቡ ተነክቶ ነበር፤ ጋሽ ማርቆስን አየው። ጋሽ ማርቆስ ግን ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ ሰፈር ስንት ልጅ አለ፣ እህት የሺ» አለኝ። «ገመድ እንደሚበጠስ ትናንት አይተናል።»

ከዚያ ሰውየውን ትንሽ እንዲጠብቀው ጠየቀውና ቆርቆሮውን ጣደ። ያን ቀን መቅኔ ያለበት አጥንት ነው የቀቀለው፤ አስቴር ለቤት ያስቀመጠችውን ሥጋም ጨመረችበት። ማንም አልቸኮለም። ዳማ እስኪጠግብ በላ፣ ንጹሕ ውኃ ጠጣ፣ ከዚያም እንደ ልማዱ ጋሽ ማርቆስ እግር ሥር ተኛ። የመጨረሻውን መርፌ ሲወጉት ጋሽ ማርቆስ እጁ ጎኑ ላይ ነበር፤ በሸኮኛ አንድ ነገር ይነግረው ነበር፣ ቋንቋውን አላውቀውም። ጉድጓዱንም ራሱ ቆፈረ፣ ጥልቅ አድርጎ። ደምሴ አካፋ ይዞ ሊያግዘው ሄዶ ቆሞ አልቅሶ ተመለሰ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቀው ሳወጣ ሳወርድ ነጋ። እንደ ነጋ ወደ አጥሩ ሄድኩ። እሱ ቀድሞኝ ቆሟል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ያዘጋጀሁትን ሳልጀምር እሱ ተናገረ።

«ልጅቷ ደህና አደረች?» አለኝ።

«ደህና አደረች፣ ጋሽ ማርቆስ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለና ሁለቱን ውሾች ጠርቶ ወደ ማስጫው ሄደ። እሸቱ ተሰጥቶ ነበር፤ ጦጣዎቹም ወርደው ነበር።